ቀይ ነጥብ ያለበት ሳህን

አብዱልረሂም ከማረሚያ ቤት ከወጣ ዐሥራ ሁለት ቀን ሆነው፤ በዐሥራ ሁለቱም ቀን ከሰው ጋር አልበላም። እህቱ ነዕማ ገንፎውን በትልቁ ገበቴ አቅርባ፣ የባሚያውን ወጥ መሀሉ ላይ ገልብጣ ልጆቿን ስትጠራ እሱ "ጠግቤያለሁ" ይልና ወደ ማንጎው ሥር ይወጣል። ልጆቹ በልተው ሲበተኑ ቀስ ብሎ ይገባና ከድስቱ ቂጥ የተረፈውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይበላል። ነዕማ መጀመሪያ የእስር ቤት ልማድ መስሏት ነበር። ኋላ ነገሩ ገባት፤ ሲገባት ግን ምን ብላ ትናገረው? የነገሩ ጫፍ እሷም ጋ ነበረና ዝም አለች።

በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሼህ ዓብዱልላጢፍ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። በሰፈሩ የተጣላ፣ ደም የተቃባ ሁሉ በሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው፤ ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው ብለው እቤት የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ዣንጥላቸውን አጥፈው በር ላይ ቆሙ፤ ይግቡ ቢባሉም አልገቡም።

"እሁድ ታፈረ ቤት ትሄዳለህ" አሉት በበርታኛ። "እሱ ይቅር ብሎሃል። ሴት ልጁም ይቅር ብላለች። ወንድሞቹንም እኔና የነሱ ቄስ ሦስት ቀን ተቀምጠን አስማምተናል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከታፈረ ጋር ከአንድ ማዕድ ትበላለህ።"

አብዱልረሂም መሬት መሬት እያየ መለሰ። "ሌላ ነገር ልሥራላቸው፣ ያ ሼኽ። አጥራቸውን በቀርከሃ ልጠርላቸው። በቆሏቸውን ልኮትኩትላቸው፣ ክረምቱን ሙሉ..."

"አጥር ጠየቀህ? ና እንብላ ነው ያለህ።"

"መብላቱን አልችልም።"

ሼሁ ተቆጡ። "ስማኝ! ዓይኑን ያጠፋህበት ሰው ና አብረን እንብላ ሲልህ አልበላም ካልክ፣ ወንድሞቹ ናቀን ነው የሚሉት። እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ ዕርቁ ፈረሰ፣ እኔም ሁለተኛ በዚህ ነገር አልገባም። እህትህም እነሱ በሚውሉበት ገበያ ቆማ አትሸጥም። የምትፈልገው ይህንን ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው እሁድ" አሉና ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ከአንድ ማዕድ መብላት ለሌላው ሰው ምንም አይደለም፤ እጅን ታጥቦ መቀመጥ ነው። አብዱልረሂም ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲመኝ የኖረው ይህንኑ ነበር። የተመኘውን ነገር ሲሰጡት እንዴት ፈራው ለሚል ሰው፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ነው።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሆሞሻ ተነሥቶ ወታደር ሲሆን አማርኛው ገና የተሰባበረ ነበር። ማሠልጠኛው ውስጥ ለእያንዳንዱ ምልምል አንድ አንድ ኩባያ ታደለ። በሁለተኛው ሳምንት አብዱልረሂም ኩባያውን ሲያነሣ ቂጡ በምስማር ተጭሮ አገኘው። ሌሎቹ እንዳይጠፋባቸው የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ጭረው ስለነበር አንዱ ደግ ሰው የሱንም የጻፈለት መሰለውና ደስ አለው። አገላብጦ ቢያየው ግን ፊደል አልነበረም፤ የኤክስ ምልክት ነው። ወዲያው ከጀርባው አንዱ ለሌላው "ያኛውን ተወው፣ በሱ አትጠጣ" ሲል ሰማ፤ አንዲት ቃልም ጨመረ። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋትም ብትቀርባችሁ ምንም አይጎድልባችሁ።

ለአለቃ መክሰስ ይችል ነበር፤ አልከሰሰም። ዝም አለ፣ ዝምታውንም ትዕግሥት ብሎ ጠራው። ኩባያዋን ይዞ ከምድብ ወደ ምድብ ዞረ። አማርኛውን አሳመረ፣ በተኩስ ከጓዶቹ ላቀ፣ አስር አለቃ ሆነ። በዚያች ኩባያ ግን ከሱ በቀር ማንም አልጠጣባትም።

የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ እሱና ጓዶቹ አንድ ምሽግ ውስጥ ሁለት ቀን ያለ ውኃ ቆዩ። በሁለተኛው ቀን አብዱልረሂም ጀሪካን ጀርባው ላይ አሥሮ በደረቱ እየተሳበ ወደ ወንዙ ወረደና ቀድቶ ተመለሰ። ምሽጉ ውስጥ የተገኘችው ኩባያ የሱ ብቻ ነበረች። ዐሥራ አንድ ሰው ተራ በተራ ጠጣባት። ምልክቷን ያየ የለም፤ ቢያይስ ጥም ነው። ያን ቀን አብዱልረሂም በልቡ "አበቃ፤ ከእንግዲህ እኔም ሰው ነኝ" አለ። ይህን ማለቱን ኋላ ሲያስበው ያሳፍረዋል፤ ሰው መሆኑን ለማመን የዐሥራ አንድ ሰው ከንፈር ይጠብቅ ኖሯል።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። ባለቤቱ ጥሎት የሸሸ አንድ በሬ አገኙና አረዱት። በአገራችን እስላም የክርስቲያን እርድ፣ ክርስቲያንም የእስላም እርድ እንደማይበላ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። አብዱልረሂም ግን ማን እንዳረደው ሳይጠይቅ በላ። ርቦት ነበር። ከወር በኋላ የሞርታር ፍንጣሪ ዳሌው ውስጥ ገባ፣ ስድስት ወር ሆስፒታል ተኛ፣ በቦርድ ተሰናበተና አንድ እግሩን እየጎተተ አሶሳ ገባ።

ነዕማ ቤት በደረሰ በሳምንቱ ያንን በሬ አንሥቶ አለቀሰ። ዳሌው አላስለቀሰውም፣ የሞቱት ጓዶቹ አላስለቀሱትም፣ የበላው ሥጋ አስለቀሰው። ነዕማ እንባውን በነጠላዋ ጠረገችለት። "ኸላስ፣ በቃ፤ አላህ መሓሪ ነው። ከአሁን በኋላ ግን ንጹሕ ትበላለህ" አለችው። እሱ ተናግሮ ቀለለው፣ ረሳውም። እሷ አልረሳችውም።

ከዚያ ሥራና ቤት ፍለጋ ተጀመረ። አማርኛው አሁን የተሳለ ስለሆነ በስልክ ሁሉም ይወደዋል። "ቤቱ አለ፣ ናና እየው" ይሉታል። ሄዶ በሩን ሲያንኳኳ አከራይቱ ከእግር እስከ ራሱ ታየውና "ውይ፣ አሁን ገና ተያዘ!" ትለዋለች። ሦስት ቤት እንዲህ አሁን ገና ተያዘበት። ለሆቴል ጥበቃነት ቢያመለክት እንግዳ ይደነግጣል ተባለ፤ ያውም የአገሩ ልጅ፣ በገዛ ከተማው። ቢያማርር ደግሞ "ክልሉ የናንተ አይደለም እንዴ፣ ምን ጎደለህ?" የሚል አይጠፋም። ክልሉ የሱ ነው አሉ፤ አንዲት ክፍል ቤት ግን አልተገኘችለትም።

በ2015 ዓ.ም. ከገና በኋላ ከከተማው ዳር ባለ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። የቀጠረው ሥራ አስኪያጁ ሀብቱ ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። "ወታደር መሆንህ ጥሩ ነው" አለው። "ሁለት ወር እንይህና የጥበቃ ኃላፊ እናደርግሃለን።" አብዱልረሂም ይህችን ተስፋ ለነዕማ ነገራት፣ ለጎረቤቱ ነገረ፣ ማታ ማታም ለራሱ ይነግራት ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ከሁሉ የቀረቡት ጋሽ ታፈረ የተባሉ ጥበቃ ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው መጥተው ከአሶሳ ወጣ ብሎ ካለ አንድ የሰፈራ አምባ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። ማዕረግ ማደል ይወዳሉ፤ አስር አለቃውን በመጀመሪያው ቀን ሻለቃ አደረጉት። "ሻለቃዬ፣ ወላሂ አንተ ካለህበት ሌባ ቀርቶ አይጥም አይገባ!" ይሉታል። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፤ ወላሂ ማለት ግን ከወሎ ይዘውት የመጡት ነው፣ ቄሱም ሊያስጥሏቸው አልቻሉም።

የጋሽ ታፈረ ልጅ የትናየት ከመጋዘኑ ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ዳስ ለጥበቃዎቹና ለጫኝ አውራጆቹ ምሳ ትሠራለች። ምሳው በሰፊ ትሪ ይቀርባል፣ ሁሉም ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከቦ ይበላል። የአብዱልረሂም ግን ለብቻ ነው፤ ክዳን ባለው ሰማያዊ ሳህን። መጀመሪያ አልከፋውም። ሥጋ ነው፣ የሃይማኖት ነገር ነው፤ እንዲያውም የሱን ሥጋ ከእስላም ሥጋ ቤት ለይታ እንደምታመጣ ሲሰማ አመስግኗታል። ረቡዕና ዓርብ የጾሙ ሽሮም በዚያው ሳህን ሲመጣ ግን ትንሽ ከነከነው። ልማድ ሆኖባት ነው ብሎ አለፈው።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ከሰኞ እስከ እሁድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ሆነ። ሽሮ ሃይማኖት የለውም፣ ማንም ከማንም ጋር ይበላዋል። የአብዱልረሂም ሽሮ ግን አሁንም ለብቻው፣ አሁንም በሰማያዊው ሳህን። ከትሪው ሁለት ክንድ ርቆ ሲጎርስ ያቺ የማሠልጠኛ ኩባያ ትታወሰው ጀመር። ለምን እንደሆነ የትናየትን አልጠየቃትም። እንደ ልማዱ ዝም አለ፣ እንደ ልማዱም ትዕግሥት ነው አለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሱ እባቡን በእርግጥ አይቷል፣ ማንም አይክደውም፤ ልጡን ከእባቡ ለመለየት ግን አንዲት ጥያቄ ትበቃው ነበር።

መጋቢት ሲገባ ሁለቱ ወር ሞላ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሀብቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ የጥበቃ ኃላፊው የሺዋስ ነው አለ። የሺዋስ የሀብቱ የአክስት ልጅ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከዱላ በቀር መሣሪያ ይዞ የማያውቅ። አብዱልረሂም እጁን አወጣ፤ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ፣ በጥሩ አማርኛ፣ "ሁለት ወር ጠብቅ ብለውኝ ነበር" አለ።

ሀብቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አንተማ ጀግና ነህ፣ ማን ይክዳል! ግን ኃላፊ ማታም መታየት አለበት። መብራት ሲጠፋ አንተን በምን እንፈልግህ? ጥርስህን ካላሳየኸን በቀር!"

ጫኝ አውራጆቹ ሳቁ። የሺዋስ ሳቀ። ጋሽ ታፈረ ብቻ ፊታቸውን አዙረው ምራቃቸውን ተፉ። አብዱልረሂምስ? አብዱልረሂምም ሳቀ። ጥርሱን አሳየ። ዛሬ ከእንቅልፉ የሚያባንነው ጥይቱ አይደለም፣ ይቺ ሳቅ ናት። ማንም አላስገደደው፤ አፉ ራሱ ተከፈተና ሳቀ።

ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ ምሳ ቀረበ። የትናየት ትሪውን ለሌሎቹ አስቀምጣ ሰማያዊውን ሳህን ለሱ ዘረጋችለት። እሱ መሬት ተቀምጦ፣ እሷ ቆማ ስለነበር ሲቀበላት የሳህኑን ቂጥ አየው። ጥፍር የምታህል ቀይ ነጥብ ተቀብታበታለች። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀን አላያትም ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?" አላት።

የትናየት ደነገጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እሱማ... ከኛ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ነው።"

"ከናንተ ጋር እንዳይቀላቀል?"

"አይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም፤ ቃል ገብቼ ነው እንጂ..."

አላስጨረሳትም። ሳህኑን ወረወረው፣ ሽሮው የዳሱ ቆርቆሮ ላይ ተለጠፈ። የትናየት ጎንበስ ብላ ሳህኑን እያነሣች "ኧረ ነውር ነው፣ እህል አይወረወርም" አለች። ነውር የሚለውን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን የጥበቃ ዱላ አነሣ። ሀብቱ ዐሥር እርምጃ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል። ያላገጠበት ሰው እዚያ አለ፤ ዱላው ግን ወደዚያ አልዞረም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር ይኸው ነው። ደሞዙን የሚሰጠውን ትቶ ሽሮ የሠራችለትን ሊመታ ተነሣ።

ጋሽ ታፈረ ከትሪው እንዴት እንደተነሡ ማንም አላየም። በልጃቸውና በዱላው መሀል ገቡ። "ሻለቃዬ!" አሉ፤ ሌላ አላሉም። ዱላው ግራ ዓይናቸው ላይ ዐረፈ።

አብዱልረሂም አልሸሸም። ዱላውን ጣለ፣ ተንበረከከ፣ ጦር ሜዳ እንደተማረው ቁስሉን በጨርቅ ሊይዝ ሞከረ፤ የትናየት እጁን ገፍታ "አትንካው!" ብላ ጮኸች። ሀብቱ ቢሮው ውስጥ ገብቶ ቆልፎ ፖሊስ ጠራ። ሲወስዱት አብዱልረሂም ገና የተበደለው እሱ እንደሆነ ነበር የሚያስበው።

ይህን እያሰበ የቆየው ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነዕማ ፖሊስ ጣቢያ መጣች። ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ፣ በበርታኛ፣ ያለ ሰላምታ ጀመረች።

"ሳህኑን የገዛሁት እኔ ነኝ።"

"የቱን ሳህን?"

"ሰማያዊውን። ድስቱንም። የትናየት ባሚያ ልትገዛ ገበያ ስትመጣ ለመንኳት። ወንድሜ በጦርነቱ ያልተገባ በልቷል፣ ከእንግዲህ የናንተ ሥጋ በነካው ዕቃ እንዳትሠሪለት፣ ጾምም ቢሆን ፍስክም ቢሆን ለብቻ አድርጊለት አልኳት። ለሱ ግን አትንገሪው፣ እንደነገርኩሽ ካወቀ ያፍራል አልኳት። ማለችልኝ።"

አብዱልረሂም እሱም ፍርግርጉን ያዘ። ከዚያ "ቀዩስ ነጥብ?" አለ።

"የኔ የጥፍር ቀለም ነው።"

"ጋሽ ታፈረ ያውቁ ነበር?"

"ያውቃል። አንድ ጊዜ አንዱ ጫኝ አውራጅ በሳህንህ ሊበላ ሲል ታፈረ ቀማው። በሱ አትብላ፣ የሻለቃዬ ነው አለው።"

እንግዲህ ኩባያው እውነት ነበር። አሁን ገና ተያዙ የተባሉት ቤቶች እውነት ነበሩ። የሀብቱም ቀልድ እውነት ነበር። ከሁሉም ውስጥ ሐሰት የነበረው የሳህኑ ንቀት ብቻ ነው፤ እሱ የመታው ደግሞ ሳህኑን ያቀረቡለትን ነው። አብዱልረሂም ፍርግርጉን ለቆ ወደ ጥጉ ሄደና ጀርባውን ለእህቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ነዕማ ብትጠራው አልዞረም። በእሷ መናደዱ አልነበረም፤ ፊቱን የሚያሳይበት አቅም አጥቶ ነው።

ፍርድ ቤት ሲቀርብ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ አስቀድሞ መክሮት ነበር። "ዱላውን ያነሣሁት ለማስፈራራት ነው በል፤ በማንም ላይ አልሰነዘርኩም በል።" ዳኛዋ "ዱላውን የሰነዘርከው በማን ላይ ነው?" ብለው ሲጠይቁት የትናየት ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። አብዱልረሂም "በእሷ ላይ ነው" አለ። ጠበቃው ወረቀቱን አጠፈ።

ሀብቱም መሰከረ። ሁልጊዜ እንደ ወንድሙ ይንከባከበው እንደነበር፣ በዚያን ቀን ምን እንደነካው እንደማያውቅ አስረዳ። ስለ ጥርሱ ቀልድ ማንም አልጠየቀውም። አብዱልረሂም ሊናገር ይችል ነበር፤ ቅጣቱንም ሊያቀልለት ይችል ነበር ብሎ ጠበቃው ኋላ ተቆጥቶታል። ግን ቀልዱን ከተናገረ "አንተስ ምን አልክ?" መባሉ ነው። ሳቅሁ ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከመናገር እስራቱን መረጠ። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ በአመክሮ ወጣ። እስረኞቹ "ና ወታደሩ፣ አብረን እንቅመስ" ይሉት ነበር። አንድ ቀንም አልተቀመጠም።

እሁድ ሆነ። ባጃጅ በዚያ ጭቃ አይሄድምና አብዱልረሂም፣ ነዕማና ሼህ ዓብዱልላጢፍ በቆሎው መሀል በእግራቸው ሄዱ። ፍልሰታ ነው፤ አምባው ጾም ይዟል። የጋሽ ታፈረ ወንድሞች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፤ ሰላምታውን በግማሽ አፍ መለሱ።

አብዱልረሂም እንደ ሥርዓቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ድንጋዩ ቀላል ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ሸክም ተሸክሟል። ቄሱም ሼሁም በየተራ መረቁ። ጋሽ ታፈረ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራ ዓይናቸው ተደፍኗል፣ በቀኛቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

"ሻለቃዬ፣ ከሳህ እኮ!" አሉት። "አውርዱለት ያንን ድንጋይ፤ ቁጭ በል።"

ይቅርታው ተባለ፣ ድንጋዩ ወረደ፣ ሁሉም እጁን ታጠበ። የትናየት ሰፊውን ትሪ አምጥታ መሀል ላይ አስቀመጠች፤ ሽሮና ጎመን ነው። ቄሱ ባረኩ፣ ሼሁ ቢስሚላህ አሉ፣ እጆች ተዘረጉ። የአብዱልረሂም እጅ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ሁሉም አዩት። ጋሽ ታፈረ ጠበቁት። እሱ ግን ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

"የትናየት፣ እባክሽ የኔን ለብቻ በሳህን አድርጊልኝ።"

"ምን አለ?" አለ አንደኛው ወንድም፤ ብድግም አለ። ሼሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነዕማ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች።

የትናየት እጇን ከትሪው አንሥታ ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ሰማያዊውን ሳህን ይዛ ነበር። ቆርቆሮውን የመታበት ጠርዙ ተላልጧል። ገልበጥ አድርጋ አቧራውን ስትጠርግ ቀይዋ ነጥብ ታየች።

"ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም አልበላበትም" አለች። "የሰው አደራ ነው።" ሽሮውን ጨልፋ፣ እንጀራውን ከጎኑ አድርጋ ፊቱ አስቀመጠችለት።

አብዱልረሂም ሳህኑን አልነካውም። ጋሽ ታፈረ ግን ከመደቡ ወርደው፣ በቂጣቸው ተንፏቀው ከጎኑ መጡ።

"ነዕማ" አሉ።

"አቤት አባባ።"

"እኔ ብበላበት ይረክሳል?"

ነዕማ አማርኛዋ እንደ ወንድሟ አልተሳለም። "ጾም ነው አባባ፣ ሥጋ የለም። አይረክስም። ብላ" አለቻቸው።

ጋሽ ታፈረ እንጀራ ቆርሰው እጃቸውን ወደ ሳህኑ ሰደዱ። እጃቸው ሳህኑን አልፎ መሬቱን ነካ። አንድ ዓይን ርቀት አይለካም። መለስ አድርገው ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ ጠርዙን መታው፣ ሽሮው ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። "ይሄ ሳህን ይሸሻል እንዴ?" ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ የለም። የቆመውም ወንድም ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አብዱልረሂም ያን ጊዜ ቀና ብሎ የተደፈነውን ዓይን ትክ ብሎ አየው። ሳህኑን በግራ እጁ አነሣና ከእጃቸው ሥር አደረገላቸው። ጋሽ ታፈረ አጠቀሱ፣ ጎረሱ፣ "እህ፣ አንተስ?" አሉት። በቀኝ እጁ ቆርሶ ከዚያው ሳህን በላ። እንባው ንፍጡ ተቀላቅሎበት ነበር፤ አልጠረገውም፤ ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። በልተው እስኪያበቁ ድረስ ሳህኑን መሬት አላስቀመጠውም።